ደብሊው-2 ከመላኩ በፊት፦ የዓመቱን የደመወዝ ሂሳብ እንዴት እናስታርቃለን?

አሜሪካ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሁሉ በየዓመቱ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ይጠብቃል፤ ደብሊው-2። ብዙ ሰው ወረቀቱ እጁ እንደገባ ቦክስ 2ን አይቶ «ዘንድሮ ስንት ይመለስልኝ ይሆን?» ይልና ለታክስ ሠሪው ያስረክባል። የቀሩትን ቦክሶች የሚያነብ ጥቂት ነው። ምግብ ቤት፣ ግሮሰሪ፣ የሕፃናት መዋያ ወይም የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ከፍቶ ሰው የቀጠረው ወገናችንም አብዛኛውን ጊዜ «ፔይሮል ኩባንያው ያወጣዋል» ብሎ ይተወዋል።

ደብሊው-2 ለሠራተኛው የጡረታ መዝገቡ ነው። ለአሠሪው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ አራት ጊዜ ለመንግሥት የሰጠው ቃል የሚፈተንበት ሰነድ ነው። ቁጥሮቹ የማይስማሙ ከሆነ ልዩነቱን ቀድሞ ያገኘው አሠሪው እንደሆነ በጥቂት ሰዓት ሥራ ይስተካከላል። ቀድሞ ያገኘው መንግሥት እንደሆነ ግን ነገሩ በደብዳቤ፣ በቅጣትና በወለድ ይመጣል። ስለዚህ የዓመቱ መጨረሻ የደመወዝ ሂሳብ ማስታረቅ የአሠሪውም የሠራተኛውም ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ሥራው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ደመወዝ፣ ሁለት መንገድ

አገር ቤት ከአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ግብሩ በየወሩ ይቆረጥና ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ በዓመቱ መጨረሻ ራሱ የሚያቀርበው ማስታወቂያ የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን በየደመወዙ የሚቀነሰው የገቢ ግብር ቅድሚያ ክፍያ ነው። የመጨረሻው ሂሳብ የሚዘጋው ሠራተኛው ፎርም 1040 ሲያስገባ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ቁጥር የሚያገኘውም ከደብሊው-2 ላይ ነው።

አሠሪው ከእያንዳንዱ ደመወዝ ላይ የፌዴራል የገቢ ግብር፣ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 1.45 በመቶ ለሜዲኬር ይቀንሳል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የተቀነሰውን ያህል ደግሞ ከራሱ ኪስ ይጨምራል። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ፎርም 941 ሞልቶ ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ለአይአርኤስ ይልካል፤ ቀነ ገደቦቹ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31 ናቸው። 941 ላይ የሠራተኛ ስም አይገኝም፤ የሁሉም ድምር ብቻ ነው ያለው። ስም በስም የተዘረዘረው ሂሳብ በዓመት አንድ ጊዜ በደብሊው-2 ይወጣና፣ ጠቅላላ ድምሩን ከሚይዘው ደብሊው-3 ጋር ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ይሄዳል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እስከ 1977 ድረስ አሠሪዎች የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝ በየሩብ ዓመቱ በስሙ ያሳውቁ ነበር። ከ1978 ጀምሮ የስም ዝርዝሩ በዓመት አንዴ እንዲሆን ተደረገ። የወረቀቱ ሥራ ቀለለ፤ ነገር ግን ድምሩና ዝርዝሩ በተለያየ ጊዜ ወደ ተለያየ መሥሪያ ቤት መሄድ ጀመሩ። ሁለቱ መስማማታቸውን ቀድሞ ማረጋገጥ የአሠሪው ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መረጃ ይለዋወጣሉ፤ የደብሊው-2 ድምርና የአራቱ 941 ድምር ጎን ለጎን ይቀመጣል። የደብሊው-2 ድምር ከበለጠ አይአርኤስ «የዚህን ደመወዝ ግብር አልከፈልክም» ብሎ ይጠይቃል። የ941 ድምር ከበለጠ ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ «ይህ ደመወዝ የማን ነው? የሠራተኞቹን ደብሊው-2 አምጣ» ይላል።

ሦስቱ ደመወዞች

አዲስ ሰው ደብሊው-2 ሲያይ በቅድሚያ ግራ የሚገባው አንዱ ደመወዝ በሦስት ቦታ በተለያየ ቁጥር መጻፉ ነው። ቦክስ 1 ለገቢ ግብር የሚታሰበው ደመወዝ፣ ቦክስ 3 ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚታሰበው፣ ቦክስ 5 ለሜዲኬር የሚታሰበው ነው። ሦስቱ መለያየታቸው በራሱ ስህተት አይደለም፤ ለምን እንደተለያዩ ማስረዳት ካልተቻለ ግን ችግር አለ።

አንዲት ሠራተኛ በየሁለት ሳምንቱ 2,000 ዶላር፣ በዓመት 52,000 ዶላር ታገኛለች እንበል። በየደመወዙ 90 ዶላር ለጤና ኢንሹራንስ ከግብር በፊት ይቀነስባታል፤ በዓመት 2,340 ዶላር ማለት ነው። በየደመወዙ 100 ዶላር፣ በዓመት 2,600 ዶላር ደግሞ 401ኬ ለሚባለው የጡረታ ቁጠባ ታስቀምጣለች።

ከግብር በፊት የሚከፈል የጤና ኢንሹራንስ ከሦስቱም ቦክሶች ይወጣል። የ401ኬ ቁጠባ ግን ከገቢ ግብር እንጂ ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬር አያመልጥም። ስለዚህ ቦክስ 3 እና ቦክስ 5 ላይ 49,660 ዶላር ይጻፋል። ቦክስ 1 ላይ ተጨማሪው 2,600 ዶላር ተቀንሶ 47,060 ዶላር ይሆናል። ቦክስ 4 የ49,660 ዶላር 6.2 በመቶ፣ ማለትም 3,078.92 ዶላር ነው። ቦክስ 6 የዚያው 1.45 በመቶ፣ ማለትም 720.07 ዶላር ነው። ቦክስ 12 ላይ በ«ዲ» ኮድ 2,600 ዶላር ይታያል፤ የቦክስ 1ና የቦክስ 3 ልዩነት ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው።

እዚያው ቦክስ 12 ላይ «ዲዲ» የሚል ኮድና ትልቅ ቁጥር አይተው የሚደነግጡ አሉ። እሱ አሠሪውና ሠራተኛው በጋራ ለጤና ኢንሹራንስ የከፈሉት ጠቅላላ ወጪ ነው፤ ለማሳወቅ ብቻ ይጻፋል እንጂ ግብር አይከፈልበትም።

ሶሻል ሴኩሪቲ ጣሪያ አለው። በ2025 የሚቆረጠው እስከ 176,100 ዶላር ባለው ደመወዝ ላይ ብቻ ነበር፤ በ2026 ጣሪያው 184,500 ዶላር ሆኗል። ሜዲኬር ጣሪያ የለውም፤ እንዲያውም ከ200,000 ዶላር በላይ ባለው ደመወዝ ላይ ከሠራተኛው ተጨማሪ 0.9 በመቶ ይቀነሳል። ከዚህ የሚከተሉ ቀላል ፍተሻዎች አሉ። የማንም ሠራተኛ ቦክስ 3ና ቲፕ የሚጻፍበት ቦክስ 7 ተደምረው ከጣሪያው አይበልጡም። ቦክስ 4 የሁለቱ ድምር 6.2 በመቶ መሆን አለበት። ቦክስ 5 ከቦክስ 3ና ከቦክስ 7 ድምር አያንስም። ከእነዚህ አንዱን የማያሟላ ደብሊው-2 ከመሥሪያ ቤቱ መውጣት የለበትም።

ማስታረቁ እንዴት ይሠራል?

ሥራው አራት ሰነዶች ይፈልጋል፦ የዓመቱ የደመወዝ መዝገብ፣ አራቱ 941 ፎርሞች፣ ረቂቁ ደብሊው-3 እና የሂሳብ መዝገቡ ላይ ያለው የደመወዝ ወጪ። አራተኛው 941 ገና ያልተላከ ረቂቅ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ የሚስተካከል ነገር ቢገኝ ጊዜ አለ።

ወረቀት ላይ ወይም ኤክሴል ላይ አምስት ዓምድ ይሠሩ፤ አራቱ ለሩብ ዓመቶቹ፣ አምስተኛው ለድምሩ። ከዚያ አራት መስመሮችን ይሙሉ። አንደኛው የተቀነሰው የፌዴራል የገቢ ግብር ነው፤ 941 ላይ መስመር 3፣ ደብሊው-3 ላይ ቦክስ 2። ሁለተኛው የሶሻል ሴኩሪቲ ደመወዝ ነው፤ መስመር 5ኤ ከቦክስ 3 ጋር ይገናኛል። ሦስተኛው ቲፕ ነው፤ መስመር 5ቢ ከቦክስ 7 ጋር። አራተኛው የሜዲኬር ደመወዝና ቲፕ ነው፤ መስመር 5ሲ ከቦክስ 5 ጋር። የአራቱ ሩብ ዓመት ድምር ደብሊው-3 ላይ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት።

ግብሩን ሲያነጻጽሩ አንድ ነገር ያስታውሱ። 941 ላይ ያለው የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ድርሻ ይዞ በ12.4 በመቶ የተሰላ ነው፤ ሜዲኬርም እንዲሁ በ2.9 በመቶ። ደብሊው-3 ላይ ያለው ግን የሠራተኛው ድርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የሁለተኛው እጥፍ ይሆናል። የሳንቲም ልዩነት ቢኖር አያስጨንቅም፤ በማጠጋጋት የሚመጣ ነው፤ 941 ራሱ መስመር 7 ላይ ለሱ ቦታ ሰጥቶታል።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ምግብ ቤት የሶሻል ሴኩሪቲ ደመወዝ በአራቱ 941 ላይ 61,200፣ 64,350፣ 63,900 እና 66,050 ዶላር ነው እንበል፤ ድምሩ 255,500። ረቂቁ ደብሊው-3 ግን 258,000 ዶላር ይላል። ልዩነቱ 2,500 ዶላር ነው። ሜዲኬሩ ላይም ያው 2,500 ዶላር ይጎድላል።

በሁለቱም ላይ እኩል መጠን መጉደሉ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ከአንድ ሩብ ዓመት ሪፖርት ያመለጠ ደመወዝ አለ ማለት ነው። መዝገቡ ሲገለበጥ በኦገስት ሥራ ለለቀቀ ወጥ ሠሪ በእጅ የተጻፈ የመጨረሻ ቼክ ይገኛል። ቼኩ ወደ ፔይሮል ሲስተሙ የገባው የሦስተኛው ሩብ ዓመት 941 ከተላከ በኋላ ነው። ሲስተሙ ቼኩን በኦገስት ቀን ስላስገባው ደብሊው-2 ላይ ታየ፤ 941 ላይ ግን የለም። መፍትሔው የሦስተኛውን ሩብ ዓመት በፎርም 941-ኤክስ ማረም ነው። ተጨማሪ የሚከፈለው ለሶሻል ሴኩሪቲ 310 ዶላር፣ ለሜዲኬር 72.50 ዶላር፣ በድምሩ 382.50 ዶላር ነው፤ ከቼኩ የተቀነሰ የገቢ ግብር ካለም እሱ ይጨመራል። የጎደለ ግብር ስህተቱ በተገኘበት ሩብ ዓመት ቀነ ገደብ ውስጥ ታርሞ ከተከፈለ ብዙውን ጊዜ ወለድ አይታሰብበትም። ዲሴምበር ላይ የተገኘ ስህተት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ጊዜ አለው ማለት ነው።

ልምድ ያላቸው የሂሳብ ሠራተኞች ልዩነትን የሚያሳድዱባቸው ሁለት ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው የግብሩን ልዩነት ወደ ደመወዝ መመለስ ነው። ከሠራተኞች የተቀነሰው ሶሻል ሴኩሪቲ በ155 ዶላር ከተለያየ 155ን ለ0.062 ሲያካፍሉ 2,500 ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው የ2,500 ዶላር ቼክ ነው። ሁለተኛው ልዩነቱን ለ9 ማካፈል ነው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዞች ቦታ ተቀያይረው ይሆናል፤ 1,540 መጻፍ ሲገባው 1,450 ከተጻፈ ልዩነቱ 90 ነው።

የልዩነቱ ዓይነትም ይናገራል። ቦክስ 3 ብቻ ከተለያየና ቦክስ 5 ከተስማማ፣ ቲፕና ደመወዝ ቦታ ተቀያይረዋል ወይም ጣሪያው ላይ ስህተት አለ። ቦክስ 3ና 5 ተስማምተው ቦክስ 1 ብቻ ከታሰበው ውጭ ከሆነ 401ኬውን ይመልከቱ። ቦክስ 2 ብቻ ከተለያየ አንድ ሰው ግብሩን በእጁ አስተካክሏል።

ልዩነት የሚወለድባቸው ቦታዎች

ብዙ ልዩነት የሚመጣው ከቀን ነው። ደመወዝ የሚቆጠረው በተከፈለበት ዓመት እንጂ በተሠራበት ዓመት አይደለም። ከዲሴምበር 21 እስከ ጃንዋሪ 3 የተሠራ ሥራ ጃንዋሪ 8 ከተከፈለ ሁሉም የአዲሱ ዓመት ነው። በኛ ሰዎች መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህ የበዓል ቦነስ ላይ ይታያል። ዲሴምበር 24 ለፈረንጆቹ ገና የተሰጠ ቦነስ የዘንድሮው ደብሊው-2 ላይ ይገባል፤ ጃንዋሪ 6 ለኛ ገና የተሰጠው የሚመጣው ዓመት ነው። በጥሬ ገንዘብ ወይም በጊፍት ካርድ የተሰጠም ቢሆን ደመወዝ ነው፤ «ስጦታ ነው» ማለት ከግብር አያወጣውም።

ምግብ ቤት ያላቸው ቲፕና ሰርቪስ ቻርጅን መለየት አለባቸው። ደንበኛው በፈቃዱ የሚተወው ቲፕ ነው፤ ቦክስ 7 ላይ ይገባል። በወር 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ቲፕ ያገኘ ሠራተኛ እስከ ቀጣዩ ወር 10ኛ ቀን ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ብዙ ሆነው ለመጡ እንግዶች ቤቱ ራሱ ቢሉ ላይ የሚጨምረው 18 ወይም 20 በመቶ ግን ለአስተናጋጁ ሲሰጥ መደበኛ ደመወዝ ነው፤ ቦታው ቦክስ 3 ነው። ከ2025 እስከ 2028 የሚሠራው አዲስ ሕግ ቲፕ ተቀባዮች እስከ 25,000 ዶላር ድረስ ከገቢ ግብር ሂሳባቸው እንዲቀንሱ ፈቅዷል። ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሜዲኬር ግን ነፃ አላወጣቸውም። ስለዚህ «ቲፕ ላይ ታክስ ቀርቷል» ብሎ ከፔይሮል ማውጣት ከባድ ስህተት ነው።

በዓመቱ መካከል የፔይሮል ኩባንያ የቀየረ አሠሪም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አዲሱ ሲስተም ከዜሮ ከጀመረ የሶሻል ሴኩሪቲ ጣሪያውም ከዜሮ ይጀምራል፤ የዓመቱ ደብሊው-2ም ለሁለት ይሰነጠቃል። ኩባንያው ማንም ይሁን በሕግ ፊት ተጠያቂው አሠሪው ነው።

በኤስ ኮርፖሬሽን የተደራጁ ባለቤቶች የራሳቸው ፈተና አለባቸው። ከ2 በመቶ በላይ ድርሻ ላለው ባለቤት ድርጅቱ የከፈለለት የጤና ኢንሹራንስ ቦክስ 1 ውስጥ መደመር አለበት፤ እንደ ድርጅቱ የሠራተኞች ፕላን ሆኖ ከተከፈለ ቦክስ 3ና 5 ውስጥ አይገባም። በየወሩ በፔይሮል ስለማያልፍ ዲሴምበር ላይ የሚያስታውሰው ሰው ይፈልጋል። የድርጅት መኪናን ለግል መጠቀምም እንዲሁ ዲሴምበር ላይ መታወስ አለበት።

የስቴቱንም ማየት ያስፈልጋል። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የስቴት የደመወዝ ግብር ስለሌለ ከቦክስ 15 እስከ 17 ባዶ ቢሆን ልክ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ግን ሰው የደመወዝ ግብር የሚከፍለው ለሚኖርበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ዲሲ ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው ዲ-4ኤ የሚባለውን ፎርም ለአሠሪው ሰጥቶ የሜሪላንድ ግብር ነው የሚከፍለው። በዓመቱ መካከል ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ የተዛወረ ሠራተኛ ሁለት የስቴት መስመር ሊኖረው ይገባል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የራሳቸውን ዓመታዊ ማስታረቂያ ፎርም እስከ ጃንዋሪ 31 ይጠይቃሉ።

ስምና ቁጥር

ሂሳቡ እስከ ሳንቲሙ ተስማምቶ እንኳ ደብሊው-2 ሊበላሽ ይችላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ደመወዙን በሠራተኛው መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ስሙና ቁጥሩ ሲገጥሙለት ነው። ካልገጠሙ ገንዘቡ ባለቤት ያልተገኘለት ደመወዝ በሚከማችበት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህ ፋይል ሶሻል ሴኩሪቲ ደመወዝ መመዝገብ ከጀመረበት ከ1937 አንስቶ ያለ ነው።

የኛ ስም ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። አንዱ ሰነድ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛል። ኃይለማርያም፣ ገብረሥላሴ፣ ወልደጊዮርጊስ የሚሉ ስሞች አንድ ቦታ ተያይዘው፣ ሌላ ቦታ ለሁለት ተከፍለው ይጻፋሉ። ዮሐንስ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ዜግነት ሲወስድ ስሙን ያሳጠረ፣ ካርዱን ግን ያላስቀየረም አለ። ደንቡ አንድ ነው፤ ደብሊው-2 ላይ የሚጻፈው በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ወይም ሠራተኛው የሚጠራበት ስም አይቆጠርም። አሠሪ የሠራተኞቹን ስምና ቁጥር በሶሻል ሴኩሪቲ የአሠሪዎች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማረጋገጥ ይችላል። በዚያው ድረ ገጽ በአንድ ጊዜ እስከ 50 ደብሊው-2 በነፃ ሞልቶ መላክም ይቻላል።

ቀኑና ቅጣቱ

ደብሊው-2 ለሠራተኛውም ለሶሻል ሴኩሪቲም የሚደርስበት ቀን አንድ ነው፤ ጃንዋሪ 31። ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከዋለ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይሸጋገራል፤ የ2025 ደብሊው-2 ቀነ ገደብ ፌብሩዋሪ 2፣ 2026 የሆነው ለዚህ ነው። ቀድሞ ለመንግሥት የሚላከው ቅጂ ተጨማሪ ወራት ነበሩት፤ በ2015 የወጣው ሕግ ማጭበርበርን ለመከላከል ሲል አንድ አደረጋቸው። ደብሊው-2ንና 1099ን የመሳሰሉ ሰነዶች ተደምረው 10 ከደረሱ በኤሌክትሮኒክ መላክ ግዴታ ነው።

በ2026 መላክ ለነበረበት ደብሊው-2 ቅጣቱ በአንድ ወረቀት እስከ 30 ቀን ለዘገየ 60 ዶላር፣ እስከ ኦገስት 1 ለዘገየ 130 ዶላር፣ ከዚያ ወዲያ 340 ዶላር ነው። ቁጥሩ ወይም ስሙ የተሳሳተ ወረቀትም ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። ለመንግሥት በተላከው ቅጂና ለሠራተኛው በተሰጠው ቅጂ ላይ ለየብቻ ሊታሰብም ይችላል። ሆን ብሎ የተወው ደግሞ ከዚህ በእጥፍ ይቀጣል።

ከተላከ በኋላ ስህተት ቢገኝ ደብሊው-2ን ደብሊው-2ሲ፣ 941ን ደግሞ 941-ኤክስ ያርመዋል። አንዱን አርሞ ሌላውን መርሳት አዲስ ልዩነት መፍጠር ነው። ወረቀቱን በእስክሪብቶ ሰርዞ ለሠራተኛው መስጠት ደግሞ ምንም አያርምም።

ለሠራተኛው

ደብሊው-2 ሲደርስዎ የዓመቱን የመጨረሻ ፔይ ስታብ አጠገቡ ያስቀምጡ። ከጠቅላላው ደመወዝ ላይ ከግብር በፊት የተቀነሰውን ኢንሹራንስ ይቀንሱ፤ ቦክስ 5 ላይ መድረስ አለብዎ። 401ኬውን ጨምረው ከቀነሱ ቦክስ 1 ላይ ይደርሳሉ። ስምዎንና ቁጥርዎን በካርድዎ ያመሳክሩ። ካልተስማማ አሠሪውን ይጠይቁ። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ካልደረሰዎ ወይም ካልታረመልዎ አይአርኤስ ራሱ አሠሪውን ይጠይቅልዎታል፤ ታክስዎን ለማስገባትም በደብሊው-2 ፋንታ ፎርም 4852 መጠቀም ይችላሉ።

ሁለት ሥራ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ አሠሪ ያለሱ ሌላ ሥራ እንደሌለዎ አድርጎ ስለሚቀንስ የገቢ ግብሩ ሊያንስና ኤፕሪል ላይ ዕዳ ሊመጣ ይችላል፤ ለአሠሪው በሚሞሉት ደብሊው-4 ላይ ሁለተኛ ሥራ መኖሩን የሚገልጸውን ክፍል መሙላት ይህን ያስቀራል። በተቃራኒው የሁለቱ ሥራ ደመወዝ ተደምሮ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጣሪያ ካለፈ ትርፉን በፎርም 1040 ላይ ማስመለስ ይቻላል።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ አካውንትዎን ከፍተው የደመወዝ መዝገብዎን ይመልከቱ። ለጡረታ 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት ከ4 በላይ ማግኘት ስለማይቻል ቢያንስ 10 ዓመት መሥራት ማለት ነው። በ2025 አንድ ነጥብ የሚገኘው በ1,810 ዶላር ደመወዝ ነበር። የጡረታው መጠን የሚሰላው ከፍተኛ ደመወዝ ከተገኘባቸው 35 ዓመታት ነው፤ የጎደለ ዓመት በዜሮ ይቆጠራል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የሥራ ዘመንን የሚያደማምር የጡረታ ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ በ45 ወይም በ50 ዓመቱ ለመጣ ሰው አገር ቤት ያገለገለበት ዘመን እዚህ አይቆጠርም፤ እዚህ የሠራው አንድም ዓመት እንዲጠፋበት አይገባም። መዝገብ ለማሳረም በመርህ የሚሰጠው ጊዜ ደመወዙ ከተከፈለበት ዓመት በኋላ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈቀዱ ሁኔታዎች ቢኖሩም ማስረጃ የሚጠይቁ ናቸውና አሮጌ ደብሊው-2ዎን አይጣሉ።

ለአሠሪው የሚቀረው ምክር አጭር ነው። ማስታረቁን ጃንዋሪ ላይ አይጀምሩት። ሩብ ዓመቱ ባለቀ ቁጥር 941 ከመላኩ በፊት ከደመወዝ መዝገቡ ጋር ያመሳክሩት፤ ዲሴምበር ላይ ደግሞ የመጨረሻው ደመወዝ ከመውጣቱ በፊት ቦነሱን፣ በእጅ የተጻፉ ቼኮችን፣ የባለቤቱን ኢንሹራንስና የሠራተኞቹን ስምና አድራሻ አንድ ጊዜ ይፈትሹ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዲሴምበር ላይ የተገኘች የ2,500 ዶላር ልዩነት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ናት። ከተላከ በኋላ የተገኘች እንደሆነ ግን ሁለት መሥሪያ ቤቶችንና አንድ ጡረታ የሚጠብቅ ሠራተኛን ታስጨንቃለች።